የማርስ መልክ መለዋወጥና አንድ ቃል ያስነሣው ክርክር

በምፅዋ ወደብ የመርከብ መድረስን እየጠበቀ ሌሊቱን ያሳለፈ ነጋዴ፣ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ አምሽቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሹም፣ ቀና ብሎ ሰማይን በተመለከተ ጊዜ ከነጫጮቹ ከዋክብት መካከል ቀላ ያለ፣ ፍም የሚመስልና እንደ ሌሎቹ የማይርገበገብ አንድ ብርሃን አይቶ ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ሥፍራ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ሥፍራውን ለውጦ ቢያገኘውም ያ ፍም የመሰለው ብርሃን ደክሞ ከተራ ኮከብ የማይለይ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ብርሃን ሌላ ሳይሆን ከፀሐይ ሲቆጠር አራተኛ የሆነው የመሬታችን ጎረቤት ማርስ ነው። ዓረቦች አል-ሚሪኅ ይሉታል፤ በግዕዝ የተጻፉ የቀድሞ መጻሕፍትም ይህንኑ ስም ተቀብለው መሪኅ ብለው ጽፈውታል።

ማርስ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚያበራው ከፀሐይ የተቀበለውን ነው። ሆኖም እጅግ በሚደምቅበት ሌሊት ያለው ብርሃን፣ እጅግ በሚደክምበት ጊዜ ካለው ከ50 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ዋጋው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ ዕቃ ቢኖር ኖሮ የሚነግድበት ሰው ባልተገኘ ነበር። የሰማዩ ዋጋ ግን የሚለዋወጠው በሥርዓት ነውና ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን ዘንድ ያስፈልጋል።

መሬት ፀሐይን በ365 ቀን ስትዞር ማርስ በ687 ቀን ይዞራል። የመሬት መንገድ በውስጥ፣ የማርስ መንገድ በውጭ በኩል ነው፤ መሬትም ፈጣን ስለ ሆነች በየ780 ቀኑ ያህል፣ ይኸውም በየሁለት ዓመት ከ50 ቀን ግድም፣ ደርሳ ትቀድመዋለች። በዚያን ጊዜ ማርስ ከፀሐይ ፊት ለፊት በተቃራኒው ወገን ይሆናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እርሱ ይወጣል፣ በመንፈቀ ሌሊት ከፍ ይላል፣ ሲነጋም ይጠልቃል። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ግን ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ይሄድና ርቀቱ ወደ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በቅርቡ ጊዜ 56 ሚሊዮን፣ በሩቁ ጊዜ 400 ሚሊዮን የሚሆን መንገደኛ መልኩ ቢለዋወጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ደግሞም መቀራረቡ ሁሉ እኩል አይደለም። የማርስ መንገድ እንደ ዕንቁላል የረዘመ ስለ ሆነ ከፀሐይ ያለው ርቀት ከ207 እስከ 249 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይለዋወጣል። መሬት የምትቀድመው ለፀሐይ በቀረበበት በኩል ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚቀረው 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በራቀበት በኩል ሲሆን ግን ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል። እንዲህ ያለው ታላቅ መቀራረብ በ15 ወይም በ17 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። በኦገስት 27 ቀን 2003 የነበረው 55.76 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 60,000 ለሚጠጉ ዓመታት ያልታየ ቅርበት ነበር። ይህንንም ወደ ዓይን መለኪያ ብንመልሰው፣ በታላቁ መቀራረብ ጊዜ ማርስ የሚታየው 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም ከ200 ሜትር ርቀት እንደሚታየው ያህል ነው። በደካማው መቀራረብ ሳንቲሙ ወደ 370 ሜትር ይሸሻል፤ ከፀሐይ ማዶ ሲሆን ደግሞ ከ1,400 ሜትር በላይ ይርቃል። የዚህን ሳንቲም ጽሑፍ ከዚያ ርቀት ለማንበብ የሞከሩ ሰዎች ታሪክ ነው እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አካሄዱ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ማርስ በከዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ቆይቶ፣ ሊቀርብ ሲል ቀስ ይልና ይቆማል፤ ከዚያም ከሁለት ወር በላይ ወደ ኋላው ወደ ምዕራብ ሄዶ እንደ ገና ይቆምና የቀድሞ ጉዞውን ይቀጥላል። የጥንት ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ተጨነቁ። ነገሩ ግን ከምፅዋ ወደ ዶጋሊ በሚወስደው ሜዳ ላይ በፈጣን መኪና የሚጓዝ ሰው ዘወትር የሚያየው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውን የጭነት መኪና አልፎት ሲሄድ፣ ያ ጭነት መኪና ከበስተኋላው ካለው ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ወደ ኋላ የሄደ ግን የለም።

ከዚህ አካሄድ ውስጥ ታላቅ ዕውቀት ወጣ። ቲኮ ብራሄ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ የሩቅ ማያ መነጽር ሳይፈጠር በፊት በባዶ ዓይኑ የማርስን ሥፍራ ለብዙ ዓመታት ለክቶ መዝግቦ ነበር። እርሱ በ1601 ከሞተ በኋላ መዝገቡን የያዘው ዮሐንስ ኬፕለር፣ ማርስ በፍጹም ክብ መንገድ ይዞራል በሚለው ሐሳብ ሒሳቡን ሠርቶ ሲጨርስ ከመዝገቡ ጋር በ8 ደቂቃ ተለያየበት፤ ይህም ከጨረቃ ስፋት ሩቡን ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ ባለፈው ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ ይህን ያህል እንደማይሳሳት ያውቅ ነበርና የብዙ ዓመት ድካሙን ትቶ እንደ አዲስ ጀመረ፤ የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑንም አግኝቶ በ1609 በታተመ መጽሐፉ አስታወቀ። ሒሳብ ከመዝገብ ጋር አልገጥምለት ያለ የገንዘብ ያዥ ሁሉ የዚህን ሰው ሌሊቶች ሊገምት ይችላል።

መነጽር ከተፈጠረ በኋላ ብርሃን ብቻ የነበረው ነገር ፊት ያለው ሆነ። በኖቬምበር 28 ቀን 1659 ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በማርስ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ጥቁር ምልክት አይቶ ሣለ፤ ምልክቱም ሲንቀሳቀስ በማየቱ የማርስ ቀን እንደ እኛው ወደ 24 ሰዓት ግድም መሆኑን ገመተ። በ1666 ካሲኒ 24 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብሎ አስተካከለው፤ ትክክለኛው አንድ ዙር 24 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነውና ስሕተቱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ በመነጽር የሚከታተል ሰው ዛሬ ማታ በሦስት ሰዓት ያየውን ምልክት ነገ በዚያው ሥፍራ ለማግኘት ከሠላሳ ደቂቃ በላይ መጠበቅ አለበት። በየማታው በዚያችው ሰዓት የሚመለከት ቢሆን ደግሞ ፊቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ፣ ዙሪያውን በሙሉ ለማየት ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል።

ዊልያም ሄርሸል ከ1777 እስከ 1783 ባደረገው ምርመራ የማርስ ዘንግ እንደ መሬት ዘንግ ያዘነበለ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ማርስ በጋና ክረምት አለው ማለት ነው፤ ዓመቱም የእኛን ሁለት እጥፍ ስለሚጠጋ እያንዳንዱ ወቅት እንዲሁ ይረዝማል። በሰሜንና በደቡብ ጫፎቹ ላይ ያሉት ነጫጭ ቆቦች በክረምት ይሰፋሉ፣ በበጋ ይጠባሉ። ጥቋቁሮቹ ሥፍራዎችም መልካቸው ከወቅት ወደ ወቅት ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ ይጠቁራሉ፣ አንዳንዴ ይደበዝዛሉ። ቀን አለው፣ ወቅት አለው፣ በረዶ አለው፣ መልኩም ይለዋወጣል። የሰው ልብ ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በ1877 ሴፕቴምበር ወር ታላቅ መቀራረብ ሆነ። በዋሽንግተን አሳፍ ሆል የማርስን ሁለት ትናንሽ ጨረቆች ያገኘው በዚያው ዓመት በኦገስት ነበር። በሚላኖ ከተማ ደግሞ የብሬራ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበረው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መነጽር የማርስን ፊት እየለካ አዲስ ካርታ ለመሥራት ተነሣ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ካርታዎች ለየሥፍራው የሚሰጡት የከዋክብት ሊቃውንትን ስም ነበር። ስኪያፓሬሊ ግን የጥንት መጻሕፍትን የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ስሞቹን ሁሉ ከጥንቱ ዓለም ጂኦግራፊ ወሰደ።

በዚህ ላይ የቀይ ባሕር ዳር አንባቢ ጥቂት ቆም ሊል ይገባዋል። ስኪያፓሬሊ በማርስ ደቡብ ለሚገኘው ሰፊ ጥቁር ሥፍራ የሰጠው ስም ማሬ ኤሪትሬዉም የሚል ነው። ይህም ግሪኮች ቀይ ባሕር ይሉት የነበረው፣ ከእኛው ባሕር አልፎ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ የሚጠሩበት የጥንት ስም ነው። የኢጣልያ መንግሥት ከዚሁ ከጥንቱ ስም ወስዶ በጃንዋሪ 1890 ቅኝ ግዛቱን ኤርትራ ብሎ ከመሰየሙ ከ10 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ስሙ በማርስ ካርታ ላይ ታትሞ ነበር። ከዚህ ባሕር በስተ ሰሜን የሚዋሰነውን ሥፍራ ማርጋሪቲፌር ሲኑስ አለው፤ ትርጓሜውም ዕንቁ የሚያስገኝ ሰላጤ ማለት ሲሆን፣ ስኪያፓሬሊ ያሰበው የሕንድን ጠረፍ ቢሆንም የዳህላክን ዕንቁ የሚያውቅ ነጋዴ የራሱን ባሕር ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ኤቲዮፒስ የተባለም ሥፍራ አለ፤ ዐረቢያም አለ። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ በ1958 ዓለም አቀፉ የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር ባጸደቃቸው 128 ስሞች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ሆኖም በማሬ ኤሪትሬዉም ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ የለም። ባሕር የተባለው ጥቁር ድንጋይና አሸዋ ነው።

ክርክሩ የመጣው ግን ከባሕሮቹ ሳይሆን ከመሥመሮቹ ነው። ስኪያፓሬሊ በባሕሮቹ መካከል ባለው ቀላ ያለ ምድር ላይ ቀጫጭን ጥቋቁር መሥመሮች አየ፤ ካናሊ ብሎም ጠራቸው። ቃሉን እርሱ አልፈጠረውም፤ ከእርሱ ሃያ ዓመት ያህል በፊት በሮማ አንጀሎ ሴኪ የተባለው ካህን ሊቅ ለማርስ ምልክት ተጠቅሞበት ነበር። በኢጣልያ ቋንቋ ካናሌ ማለት፣ ብዙ ሲሆን ካናሊ፣ ሁለት ነገር ነው። ሰው ቆፍሮ ያወጣው የውኃ መንገድ ካናሌ ይባላል፤ ተፈጥሮ ያበጀችው፣ በሁለት የብስ መካከል ያለ የባሕር መተላለፊያም ካናሌ ይባላል። በምፅዋ ይህን ለማስረዳት ብዙ ድካም የለም። ስዊስ ካናሌ ነው፤ ሰው ቆፍሮታል። በምፅዋ ጠረፍና በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያለውን ባሕርም የኢጣልያ ካርታ ካናሌ ዲ ማሳዋ ይለዋል፤ እርሱን ግን የቆፈረው ማንም የለም። መርከበኛው በሁለቱም ያልፋል፣ ቃሉም አንድ ነው፤ በአንደኛው ግን ቀረጥ የሚያስከፍል ኩባንያ ተቋቁሞበት ነበር፣ በሌላው ዓሣ ብቻ ይመላለስበታል።

እንግሊዝኛ ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል አለው። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ የተመረጠውም የተቆፈረውን የሚያመለክተው ሆነ። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። የስዊስ ቦይ የተከፈተው በ1869 ስለ ሆነ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለ ቦይ ሲጽፉ የቆዩበት ጊዜ ነበር። አንባቢው በማርስ ላይ ቦይ አለ የሚል ቃል ባነበበ ጊዜ የሚቀጥለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ማን ቆፈረው?

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በተርጓሚ ላይ ሲጫን ይሰማል። ፍርዱ ግን ትክክለኛ አይመስልም። ተርጓሚ ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ሲያገኝ ጸሐፊውን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ራሱ በዚያ ጊዜ ቢጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጥ ነበር ማለት አይቻልም። ስኪያፓሬሊ በመጀመሪያ መሥመሮቹን የተፈጥሮ ሥራ አድርጎ መመልከቱ ግልጽ ነው፤ በ1893 ግን ፍጡራን ሠርተዋቸዋል የሚለውን ግምት እንደማይቃወም፣ የማይቻልም ነገር እንደሌለበት ጻፈ። በካርታዎቹም ላይ መሥመሮቹን ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ ቀጥ እያደረገ ሣላቸው፤ አንዳንዶቹንም እንደ ባቡር ሐዲድ ጥንድ ሆነው አየኋቸው አለ። እንዲህ ያለው ሥዕል ያለ አንዲት ቃል ትርጓሜ እንኳ ቦይ ቦይ ይላል። ቃሉ በሩን ከፈተ፤ የገባው ግን ሥዕሉ ነው።

በተከፈተውም በር ከሁሉ ይልቅ በድፍረት የገባው አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል ነው። ይህ ሰው ከቦስተን ባለጠጋ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ በጃፓንና በኮርያ ብዙ የተጓዘና ስለ እነርሱም መጻሕፍት የጻፈ ነበር። በ1894 በአሪዞና በፍላግስታፍ ከፍተኛ ሥፍራ ላይ በራሱ ገንዘብ የከዋክብት መመልከቻ አቆመ። ከ1895 እስከ 1908 ባሳተማቸው ሦስት መጻሕፍት የሰጠው ትንታኔ በአጭሩ ይህ ነው፦ ማርስ ያረጀና እየደረቀ የሚሄድ ዓለም ነው፤ ነዋሪዎቹም ጥበበኞች ስለ ሆኑ፣ በዋልታዎቹ የሚቀልጠውን በረዶ በቦይ እየመሩ እርሻቸውን ያጠጣሉ፤ በየወቅቱ የሚጠቁረውም ሥፍራ የበቀለው አዝመራ ነው። ማርስ ለምን መልኩን እንደሚለዋውጥ የሚያስረዳ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው ነገር ይመስል ነበር። ሎዌል አታላይ አልነበረም። ሌሊቱን በሙሉ በመነጽር ላይ ተቀምጦ ያየውን ይሥል ነበር፤ ያየውም መሥመር ነበር።

ሌሎች ደግሞ በዚያው ኮከብ ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው አንድም መሥመር አላዩም። ኢጣልያዊው ቪንቼንሶ ቼሩሊ፣ መሥመሮቹ ዓይን ተራርቀው የቆሙትን ጥቃቅን ምልክቶች እያገናኘ የሚፈጥራቸው ናቸው ሲል ገለጸ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ማውንደር ይህንኑ በቀላል ዘዴ ፈተነው። በ1903 በግሪኒች በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት ክብ ሥዕል ሰቀለ፤ በሥዕሉ ላይ ነጠብጣብና ጭረት እንጂ የተሰመረ መሥመር አልነበረበትም። ያያችሁትን ሣሉ በተባሉ ጊዜ፣ በቅርብ የተቀመጡት ልጆች ነጠብጣቡን ሣሉ፤ እጅግ በሩቅ የነበሩት ምንም አልለዩም፤ በመካከል የተቀመጡት ግን ቀጥ ያለ መሥመር ሣሉ። ልጆቹ ስለ ማርስ አልተነገራቸውም፤ የሚከራከሩለትም ሐሳብ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የ1909 ታላቅ መቀራረብ መጣ። በቁስጥንጥንያ የተወለደው ግሪካዊው አውጀን አንቶኒያዲ ቀድሞ እርሱ ራሱ ቦዮችን ሥሎ የሚያውቅ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት በፓሪስ አጠገብ በመዶን በሚገኘው 83 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መነጽር ለመመልከት ዕድል አገኘ። በሴፕቴምበር 20 ቀን ሌሊት አየሩ ከወትሮው ተለይቶ ጸጥ ብሎ ነበር። አንቶኒያዲ ያየው ነገር ወሰኑ የማይያዝ፣ ሁሉም ዝርዝር፣ ሁሉም ጎርበጥባጣና ዝንጉርጉር ነበር፤ ያ በትንሽ መነጽር ቀጥ ብሎ የሚታየው መሥመር በዚህ ታላቅ መነጽር ውስጥ ተበታትኖ የተራራቀ ጥላና ነቁጥ ሆነ። የቀድሞ ሥዕሉን ትቶ አዲሱን አሳተመ። ሎዌል ግን በ1916 እስኪሞት ድረስ ከሐሳቡ አልተመለሰም።

ነገሩን የቈረጠው ወደ ሥፍራው መሄድ ነው። በጁላይ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኲራኲር ከማርስ 10,000 በማይሞላ ኪሎ ሜትር ርቀት አልፋ ሥዕል አነሣች። የምትልክበት ኃይል እጅግ ደካማ ስለ ነበረ አንዱን ሥዕል ለማስተላለፍ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ሁሉም ተቆጥረው 22 ናቸው፤ የመጨረሻው ግን በከፊል ብቻ ነው። ቦይ የለም፤ እርሻ የለም። የታየው እንደ ጨረቃ ፊት በታላላቅ ጉድጓዶች የተበሳሳ ምድር ነበር። የአየሩም ክብደት ከመሬት አየር አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ፤ በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ በክፍት ቦይ የሚፈስ ውኃ አይቆይም።

በኖቬምበር 1971 ደግሞ ማሪነር 9 ደርሳ በማርስ ዙሪያ መዞር ጀመረች፤ ሌላ ፕላኔት የዞረች የመጀመሪያይቱ መንኲራኲር እርስዋ ናት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚታይ ነገር አልነበረም። በሴፕቴምበር የተነሣ የአቧራ ማዕበል ኮከቡን ከዋልታ እስከ ዋልታ ሸፍኖት፣ ከአቧራው በላይ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ብቻ ብቅ ብለው ነበር። መሐንዲሶቹ ሳምንታት ጠበቁ። አቧራው ሲረግፍ አራቱ ነጥቦች የአራት እሳተ ገሞራ ተራራዎች አናት ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱ አንዱ ኦሊምፑስ ሞንስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ርዝመቱ 4,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ታላቅ ሸለቆም ታየ።

የጥቋቁሮቹ ሥፍራዎች በየወቅቱ መለዋወጥም ከዚሁ አቧራ የተነሣ መሆኑ ታወቀ። ነፋስ ነጣ ያለውን ትቢያ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲገፈው ሥፍራው ይጠቁራል፤ መልሶ ሲያለብሰው ይደበዝዛል። ሎዌል አዝመራ ያለው የነፋስ ሥራ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ በምፅዋ ጠረፍ የአቧራ ነፋስ ሲነሣ ያየ ሰው፣ በር ዘግቶ ሲወጣ የተወው ጠረጴዛ ሲመለስ ምን እንደሚመስል ያውቃልና ለዚህ ማስረጃ አይሻም።

ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ማርስ ለመሬት እጅግ የሚቀርበው ለፀሐይም በቀረበበት በኩል ሲሆን ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ አቧራው የሚነሣው በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ሰው ለ15 ዓመት ጠብቆ መነጽሩን ባዘጋጀበት ሰሞን ኮከቡ ፊቱን ሊሸፍን ይችላል። በ1956 እንዲህ ሆነ፤ በ1971 ሆነ፤ በ2018ም ሆነ። በጁላይ 2018 ማርስ 57.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ በባዶ ዓይን እንደ ፋኖስ ሲያበራ፣ በመነጽር የሚመለከቱት ግን ምልክቱ የደበዘዘ ቢጫ ኳስ ብቻ ያዩ ነበር። ከ2004 ጀምሮ በማርስ ምድር ላይ ስትንቀሳቀስ የነበረችው ኦፖርቹኒቲ የተባለችው መኪና ኃይልዋን የምታገኘው ከፀሐይ ነበርና በዚያ ማዕበል ውስጥ ጨለማ ዋጣት። የመጨረሻ ምልክትዋ የተሰማው በጁን 10 ቀን 2018 ነው። ለ90 ቀን ሥራ የተላከች፣ ከ14 ዓመት በላይ ያገለገለችና 45 ኪሎ ሜትር የተጓዘች ነበረች፤ በፌብሩዋሪ 2019 ሥራዋ ማብቃቱ ታወጀ። ከ2021 ጀምሮ የማርስን አየር ከቀን ወደ ማታ፣ ከወቅት ወደ ወቅት እንዲከታተሉ ከተላኩት መካከል አንዷ የተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ መንኲራኲር አል-አመል ናት፤ ትርጓሜውም ተስፋ ማለት ነው።

ወደ ቃሉ እንመለስና፣ ማሪነር 9 ካነሣቻቸው ሥዕሎች መካከል አንዱ ዓይነት ለተርጓሚዎች የተለየ ነገር ነበረው። እንደ ጅረት የተጠማዘዙ፣ ገባሮችም ያሏቸው፣ የደረቁ የወንዝ መንገዶች ታዩ። በጥንት ዘመን በማርስ ላይ ውኃ ፈስሶ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተላኩትም መሣሪያዎች ይህንኑ አጸኑ። እነዚህ የወንዝ መንገዶች ስኪያፓሬሊ በሣላቸው መሥመሮች ላይ አይደሉም፤ በእርሱ መነጽርም ሊታዩ አይችሉም ነበር። በኢጣልያ ቋንቋ ግን ስማቸው ካናሊ ነው፤ ማንም አልቆፈራቸውም።

በባዶ ዓይን ለሚከታተል ሰው ይህ አገር የተመቸ ነው። ታላላቆቹ መቀራረቦች ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ግድም የሚውሉ ሲሆኑ ማርስ በዚያን ጊዜ በሰማይ ደቡብ በኩል ይሆናል። በ2018 በሚላኖ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በወፍራሙ አየር ውስጥ ሲታይ፣ በምፅዋ ግን ወደ 50 ዲግሪ ይወጣ ነበር። ደጋው በእነዚህ ወራት በክረምት ደመና ይዘጋል፤ ጠረፉ ዝናብ የሚያገኘው ግን በሌላው ወቅት ነውና፣ የአስመራ ሰው ማርስን ሊያይ ቢሻ ወደ ቆላ መውረድ ሊያስፈልገው ነው፤ አቧራው ከፈቀደለት። በጃንዋሪ 2025 የነበረው መቀራረብ በአንጻሩ 96 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የራቀ ደካማ ቢሆንም፣ ማርስ በጠራው የደጋ ሰማይ ላይ ከአናት ብዙ ሳይርቅ አልፏል። ቀጥሎ የሚመጣው የፌብሩዋሪ 2027 ከሁሉ የራቀው ነው፤ ከ101 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አይቀርብም። ከዚያ ወዲህ በ2029፣ በ2031ና በ2033 እየቀረበ ሄዶ፣ በሴፕቴምበር 2035 አጋማሽ 57 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም ይደርሳል። ያን ጊዜ የደጋው ክረምት ሊወጣ ጥቂት ቀን ይቀረዋል፤ ማርስም ከመንፈቀ ሌሊት በፊትና በኋላ ከአናት ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይገኛል።